ለሞዴል ባቡር መስመር የሚሆን የጥድ ዛፍ እንዴት ይሠራል?

ጥያቄ፦
በ1:87 ልኬት ለምሠራው የሞዴል ባቡር መስመር ጥዶችን ማዘጋጀት እፈልጋለሁ፤ ይሁንና ተሠርተው የሚሸጡት ቁመታቸው እኩል፣ ቅርንጫፋቸውም የታጨቀ ስለሆነ የጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ ይመስላሉ። በእጅ እንዴት ልሥራቸው? ቁመታቸውስ ስንት ይሁን?

መልስ 1፦
20 ሜትር የሚረዝም ዛፍ በዚህ ልኬት 23 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ቦታ ካነሰዎት ማሳጠር ነውር የለውም። የቃጫ ገመድ ፈትተው ክሮቹን በሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች መካከል ሳሳ አድርገው ይዘርጉ፤ ከዚያም የሽቦዎቹን አንድ ጫፍ በሞርሳ አጥብቀው፣ ሌላውን በመሰርሰሪያ ቀስ እያሉ ያክርሩት። ቃጫው ዙሪያውን ሲበተን ከላይ ሾጠጥ፣ ከታች ሰፋ አድርገው በመቀስ ይከርክሙት፤ ነገር ግን እዚህም እዚያም ጥቂት ክሮችን ነቅለው ክፍተት ይተዉ። ብሩሽ የሚያስመስለው የቃጫው መብዛትና የዳሩ እኩል መሆን ነውና፣ በቅርንጫፎቹ መካከል ብርሃን ማለፍ አለበት።

መልስ 2፦
በዚህ እስማማለሁ። ቀለሙን በተመለከተ፣ መጀመሪያ ሁሉንም ግራጫ ባዘለ ቡኒ ይቀቡ፤ ሲደርቅ ማጣበቂያ ረጭተው የደቀቀ አረንጓዴ ስፖንጅ ከላይ ወደ ታች ብቻ ይነስንሱ፣ የቅርንጫፎቹ ሥር ጠቆር ብሎ ይቀራል።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። በጫካው መካከል የሚቆሙትስ?

መልስ 2፦
ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ የታችኛው ቅርንጫፍ ብርሃን አጥቶ ስለሚደርቅ፣ የእነዚያን ግንድ እስከ ወገቡ ራቁቱን ይተዉት፤ እስከ ታች የለመለሙትን ዳር ላይ ይትከሏቸው።