ዋይ ክሮሞሶም እየከሳ ይጠፋል ወይስ ክሳቱ ቆሟል?

መነሻ፦ ሳይንቲስቶቹ ጆን አይትከንና ጄኒፈር ግሬቭስ በ2002 የሰው ዋይ ክሮሞሶም (ከአባት ወደ ወንድ ልጅ የሚተላለፈው፣ ጂኖችን የያዘ የዲኤንኤ ጥቅል) በ10 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ ራሱን ያጠፋል ብለው ጽፈዋል። ልክ ናቸው? (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ናሆም፦ እኔ ልክ ናቸው ባይ ነኝ። ኤክስና ዋይ ድሮ እኩያ ጥንዶች ነበሩ። ዛሬ ኤክስ ከ800 በላይ ፕሮቲን ሠሪ ጂኖች ይዟል፤ ዋይ ላይ ከዚያ የጋራ ውርስ የተረፈው 3 በመቶ ገደማ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ሌሎች ክሮሞሶሞች በሚዮሲስ (የዘር ሕዋስ በሚሠራበት ክፍፍል) ጊዜ ከጥንዳቸው ጋር ቁራጭ ይለዋወጣሉ። ዋይ ከኤክስ ጋር የሚለዋወጠው ጫፍና ጫፉን ብቻ ነው፤ በአንዱ በኩል 2.7 ሚሊዮን ገደማ የዲኤንኤ ፊደል፣ በሌላው 300 ሺህ ገደማ። መሃሉ ላይ የተበላሸ ጂን ከደህናው ተለይቶ የሚወጣበት መንገድ የለም። በዚያ ላይ ዋይ ከትውልድ ትውልድ የሚያልፈው በስፐርም ብቻ ነው፤ ስፐርም የሚወልዱት ሕዋሶች ደግሞ ያለ ዕረፍት ስለሚከፋፈሉ የቅጂ ስህተቱ ይበዛል። በ300 ሚሊዮን ዓመት 1400 ገደማ ጂን ከጠፋ፣ ለቀሩት 45 ገደማ ስንት ዓመት እንደሚበቃ ማካፈል ነው።

ሰብለ፦ ማካፈሉ ነው እንጂ ችግሩ! 300 ሚሊዮን ያልከው የዋይ ዕድሜ ራሱ ተሻሽሏል፤ አሁን የሚነገረው 180 ሚሊዮን ገደማ ነው።

ናሆም፦ ታዲያ ዕድሜው ካጠረ ፍጥነቱ ጨመረ ማለት አይደል?

ሰብለ፦ ፍጥነቱ ሁልጊዜ አንድ ከሆነ አዎ። ግን አይደለም። የዋይ ተመራማሪው የዴቪድ ፔጅ ቡድን በ2012 የሬሰስ ጦጣን ዋይ አንብቦ ከሰው ጋር አስተያየ። ሁለቱ ከተለያዩ 25 ሚሊዮን ዓመት ሆኗቸዋል። ከኤክስ ጋር መለዋወጥ ቀድመው ባቆሙት በጥንታዊዎቹ ክፍሎች በሰው በኩል የጠፋ ጂን የለም፤ መጨረሻ ባቆመው በአዲሱ ክፍል አንድ ብቻ። በአንተ ሒሳብ ከ100 በላይ መጥፋት ነበረበት። መጀመሪያ ላይ በጅምላ ረገፈ፣ ከዚያ ቀጥ አለ። የቀሩት ዝም ብለው የተረፉ አይደሉም፤ ብዙዎቹ የሌሎች ጂኖችን ሥራ የሚቆጣጠሩ፣ ኤክስ ላይ ካለው አቻቸው ጋር ተደምረው ሁለት ቅጂ መሆናቸው የሚያስፈልግ ናቸው።

ዘሪሁን፦ ሰብለ፣ ይህ የእኛ ዘር ዕጣ ነው። ቺምፓንዚ ከኛ ከተለየ 6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው፤ በሰው ላይ ከሚሠሩት ከእነዚህ ጂኖች የተወሰኑት እሱ ላይ ከወዲሁ ተበላሽተዋል። «ቀጥ አለ» የሚለውን ለሁሉም አታድርጊው።

ቅድስት፦ ሁላችሁም የዘለላችሁት ጥገናውን ነው። ዋይ ጥንድ ባይኖረውም ራሱን በራሱ ያርማል። 8 ትልልቅ ክፍሎቹ እንደ መስታወት ፊት ለፊት የተገለበጡ ሁለት ቅጂዎች ናቸው፤ ትልቁ 2.9 ሚሊዮን ፊደል አለው፣ ሁለቱ ክንዶቹም 99.97 በመቶ አንድ ናቸው። በ10,000 ፊደል 3 ልዩነት ማለት ነው። አንዱ ክንድ ሲበላሽ ከሌላው ይገለበጣል።

ዋጋው ግን ውድ ነው። ተመሳሳይ ቁርጥራጮች ያለ ቦታቸው ሲገጣጠሙ መካከላቸው ያለው ተቆርጦ ይወጣል። ስፐርም ለመሥራት ከሚያስፈልጉት ሦስት የዋይ ክፍሎች (ኤዜድኤፍኤ፣ ቢ እና ሲ) ኤዜድኤፍሲ የሚባለው ሲሄድ 3.5 ሚሊዮን ፊደል ይዞ ይሄዳል፤ ከ4000 ወንዶች 1 ገደማ ላይ ይደርሳል፤ ስፐርም ያሳጣል ወይም እጅግ ያሳንሳል። ላቦራቶሪ ለእያንዳንዱ ክፍል ሁለት የዲኤንኤ ምልክት በፒሲአር (ዲኤንኤን አባዝቶ በሚያሳይ ዘዴ) ይፈልጋል፤ ለኤዜድኤፍኤ ኤስዋይ 84 እና 86፣ ለቢ 127 እና 134፣ ለሲ 254 እና 255፤ ናሙናው ውስጥ የዋይ ዲኤንኤ መኖሩን ለማየት ኤስአርዋይ (ፅንሱን ወንድ የሚያደርገው የዋይ ጂን) ይጨመራል። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ከጠፋ ክፍሉ ጠፋ ብሎ ውጤት መጻፍ ስህተት ነው፤ ምርመራው ይደገማል። ኤዜድኤፍሲ ብቻ ከጎደለ ከግማሽ ገደማው ወንዶች በቀዶ ሕክምና ስፐርም ይገኛል፤ የሚወለደው ወንድ ልጅ ግን ጉድለቱን ይወርሳል። ኤ ወይም ቢ ሙሉ በሙሉ ከጠፋ ፍለጋውም አይመከርም።

ናሆም፦ 70 ዓመት በደረሱ ወንዶች ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከደም ሕዋሶቻቸው በከፊል ዋይ ጠፍቶ ይገኛል። ይህስ?

ሰብለ፦ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ አታቀላቅለው። ሕዋስ ሲከፈል የሚወድቅ ነው፤ ሲጋራም ያባብሰዋል። ለልጅ አይተላለፍም።

ዘሪሁን፦ ሁሉም ቀርቶ ቢጠፋስ? የጃፓኗ አማሚ ደሴት እሾሃማ አይጥ ዋይም ኤስአርዋይም የላትም፤ ወንዱ ግን አለ። በ2022 እንደታየው፣ ሶክስ9 የተባለው ጂን አጠገብ 17,000 ፊደል ተደግሞ ወንዱን የሚወስነው እሱ ሆኗል። ኤስአርዋይ ማብሪያ ማጥፊያ ነው፤ ይለወጣል።

ቅድስት፦ ማብሪያው ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። በ2016 ያለ ምንም የዋይ ጂን የተፈጠሩ ወንድ አይጦች የወለዱት ያልበሰለ የዘር ሕዋሳቸው እንቁላል ውስጥ በመርፌ ተወግቶ ነው። ሰው ላይ ደግሞ ሁለተኛ ኤክስም ዋይም ሳይኖራቸው አንድ ኤክስ ብቻ ይዘው ከሚፀነሱት 99 በመቶ ገደማው ሳይወለዱ ይቀራሉ። የዋይ አቻ ጂኖች ለሰውነት ሁሉ ናቸው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ አዲሱ ማብሪያ ሌላ ክሮሞሶም ላይ ይወለዳል፣ አስፈላጊዎቹ ጂኖች ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራሉ፣ ዋይ የሚጠፋው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ደግሞ በማካፈል ቀኑን መቁረጥ አይቻልም፣ ናሆም።