ስድስት መጽሐፍ ለአሥራ አንድ አንባቢ፦ «አደፍርስ» ይውጣ ወይስ ይቆይ?

ማኅደር (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ የምንኖር አሥራ አንድ ሰዎች በወር አንድ የአማርኛ መጽሐፍ እናነብና በወሩ የመጨረሻ እሑድ ለሁለት ሰዓት እንወያይበታለን። ከጥቅምት እስከ መጋቢት የታሰበው ይኸው ነው፦ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ጦቢያ»፣ የሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»፣ የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ»፣ የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»፣ የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት «ኦቶባዮግራፊ»፣ የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ»። ቅደም ተከተሉ የወጣው በታተሙበት ዘመን ነው።

ክርክሩ ሁለት ነው። ግማሹ «አደፍርስ» አይነበብም፣ ይውጣ ይላል። ሌላው ግማሽ ደግሞ «ዴርቶጋዳ» ከእነዚህ ጋር ምን አገናኘው ይላል። አንድ አባል ግጥም ካልገባ ዝርዝሩ ጎዶሎ ነው እያለ ነው። ሦስቱ አባላት እዚሁ ያደጉ ናቸው፤ ፊደል ይቆጥራሉ፣ ግን በሰዓት ከአሥር ገጽ አይበልጡም። የቱ ይውጣ? የቱ ይቅደም? እንዴትስ እንከፋፍለው?

ቀለም ቀንድ

ማኅደር፣ ከመጽሐፎቹ በፊት ቅደም ተከተሉን አፍርሺው። በዘመን ተራ ማንበብ ክፍል ለሚያስተምር መምህር ይሆናል፤ ለማኅበር ግን ሰው ያሸሻል። «ጦቢያ» በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመ ነው። ታሪኩ ቀጭን፣ ቋንቋው ግን የዛሬ መቶ ዓመት ነው። በመጀመሪያው ወር እሱን የሰጠሻቸው ሦስት ዘገምተኛ አንባቢዎች በሁለተኛው ወር አይመጡም።

ከዚያ ሒሳቡን አስቢው። «ፍቅር እስከ መቃብር» ከ500 ገጽ በላይ ነው። በሰዓት አሥር ገጽ ማለት ከሃምሳ ሰዓት በላይ፣ በወር ሲካፈል በየቀኑ ወደ ሁለት ሰዓት ገደማ። ሥራና ልጅ ያለው ሰው አይችለውም፤ ስለዚህ ሁለት ወር ስጪው። የመጀመሪያው ውይይት በዛብህ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት አስተማሪ ሆኖ እስኪገባ ድረስ ይሁን። ብዙ ሰው ያንን ክፍል «መግቢያ ነው» ብሎ ይዘለዋል። የመጽሐፉ ሥር ግን እዚያ ነው፤ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ልጃቸውን ለስለት ባይሰጡት ኖሮ በዛብህ የፊታውራሪን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ሲወድ በራሱ ላይ የሚያመጣው ጣጣ ግማሹ አይኖርም ነበር። ስለቱን ዘሎ ፍቅሩን ያነበበ ሰው ውይይት ላይ «ለምን ዝም ብሎ አላገባትም?» እያለ ሁለቱን ሰዓት ይጨርሳል።

ለሦስቱ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ሀዲስ በሚጠብቁ ፊደላት አናት ላይ ነጥብ አድርገዋል። አማርኛ በጽሑፍ መጥበቅና መላላትን አይለይም፤ «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው። «ገና» ሲላላ ጊዜው አልደረሰም፣ ሲጠብቅ በዓሉ። ቤት ውስጥ አማርኛ እየሰማ ያደገ ሰው የሚደናቀፈው ቃሉን ሳያውቅ ቀርቶ ሳይሆን የትኛው እንደሆነ በዓይኑ ስለማይለይ ነው። ነጥቡ በግልጽ የሚታይበት ቅጂ ካገኛችሁ ለእነሱ ስጡ።

ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከውም አለ። ግን ትረካውን ብቻ ሰምቶ የሚመጣ ሰው ክርክር ያበላሻል፤ የሚያስታውሰው የወጋየሁን ድምፅ ነው፣ የሀዲስን ዐረፍተ ነገር አይደለም። ምዕራፉን መጀመሪያ አዳምጡ፣ ያንኑ ምዕራፍ ወዲያው በዓይን አንብቡ። ፍጥነትም በዚህ ይጨምራል።

«አደፍርስ»ን በተመለከተ እኔ ከሚያወጡት ወገን ነኝ። ትልቅ መጽሐፍ ነው፣ ለወር ግን አይሆንም።

የጣርማ በር ልጅ

ቀለም ቀንድ፣ ሌላውን ሁሉ ተቀበልኩ፤ የመጨረሻዋን መስመር ግን አልቀበልም። «አደፍርስ» አይነበብም የሚባለው እንደ «ፍቅር እስከ መቃብር» ሊያነቡት ሲሞክሩ ነው። ሀዲስ ባለታሪኩን ያስገባሉ፣ ዘሩን ይነግሩሃል፣ መልኩን ይስሉልሃል፣ ከዚያ ያናግሩታል። ዳኛቸው መጀመሪያ ያናግረዋል፤ ማን እንደሆነ ከአነጋገሩ አንተው ለይ ይልሃል። አደፍርስ የሚባለው የተማረ ወጣት ራሱ ብዙ ቦታ ከሌሎቹ እንደ አንዱ ተቀምጦ ይከራከራል እንጂ ታሪኩን አይጎትትም። ዋናውን ሰው ፍለጋ ሠላሳ ገጽ ሄዶ ያላገኘ አንባቢ መጽሐፉን ያስቀምጠዋል። ብልሽቱ እዚያ ላይ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከማንበባችሁ በፊት አንድ ወረቀት ላይ ስሞቹን ጻፉ፦ አደፍርስ፣ ጺወኔ፣ ወይዘሮ አሰጋሽ፣ ክብረት፣ ሮማን፣ ጎርፉ፣ በልሁ፣ አባ አዲሴ። ከእያንዳንዱ ስም ፊት ለፊት ሰውየው ስለ ምን ሲሆን እንደሚናደድ ሙሉ። ከሃምሳ ገጽ በኋላ ወረቀቱ ራሱ መጽሐፉን ይነግራችኋል።

ሁለተኛ፣ በንግግሮቹ መሐል የሚደረደሩትን ነጥቦች አትፍሯቸው። ሐሳብ የተቆረጠበት ምልክት አድርገው የሚያነቧቸው ይሰናከላሉ። ትንፋሽ ናቸው፤ ተናጋሪው ቃሉን የሚያኝክበት፣ ሌላው አፉን የሚከፍትበት ቦታ። ስለዚህ ጮክ ብላችሁ፣ ድርሻ ተከፋፍላችሁ አንብቡት። አንዱ ወይዘሮ አሰጋሽን፣ አንዱ አባ አዲሴን ይሁን። በዓይን ሲነበብ አምስት ደቂቃ የሚያለፋ ገጽ በአፍ ሲነበብ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ምክንያቱም ፊደሉ የተጻፈው እንደ ሸዋ ሰው አነጋገር ነው፣ ጆሮ ያውቀዋል።

ሦስተኛ፣ ሁሉንም አንብባችሁ መምጣት ግዴታ አይሁን። ሦስት ክርክሮችን ምረጡና እነሱን ብቻ በደንብ አንብቡ። ሴራ ላይ የቆመ መጽሐፍ ቢሆን ይህ ወንጀል ነበር፤ «አደፍርስ» ግን በክርክር የቆመ ስለሆነ ይችለዋል።

ሸገር አንባቢ

ሁለታችሁም «ዴርቶጋዳ»ን በዝምታ አለፋችሁት፤ ዝምታችሁም ፍርድ ነው። እኔ እቃወማለሁ። በ2001 ዓ.ም. ሲወጣ መጽሐፍ ገዝቶ የማያውቅ ወጣት አስገዝቷል። ለምን? ምዕራፉ ሁሌ ጥያቄ ተንጠልጥሎ ያልቃል። የጣና ገዳማት፣ ስለላ፣ የተሰወረ ሳይንቲስት፤ ሻጊዝ እጅጉ የት ነው የሚለው ጥያቄ ሰውን ሌሊት ያስነብባል። በሰዓት አሥር ገጽ የሚያነብ ሰው ፍጥነት እንዲያወጣ ከተፈለገ ይህን የሚያህል መለማመጃ የለም። የመጀመሪያው ወር መጽሐፍ ይህ ነው።

ድክመቱን አልሸፍንም። ዶክተሩም መነኩሴውም ሰላዩም በአንድ አፍ ነው የሚናገሩት፤ ስማቸውን በጣት ብትሸፍኑት ማን እንደሆነ አትለዩም። ግጥምጥሞሹም በዝቷል። ለውይይት ግን ይኸው ነው ጥቅሙ። አንድ ገጽ ንግግር ከ«ዴርቶጋዳ»፣ አንድ ገጽ ከ«አደፍርስ» ጎን ለጎን አስቀምጡና ስሞቹን ሸፍኑ። ልዩነቱን ለማሳየት ሐተታ አያስፈልግም።

«ፍቅር እስከ መቃብር» ላይም ሁሉም እጅ ለመንሳት ይቸኩላል። የዘመኑን ሥርዓት የሚተቸው ጉዱ ካሳ በተናገረ ቁጥር ታሪኩ ይቆማል። አሳቡ ትክክል ነው፤ ግን ደራሲው በእሱ አፍ እንደሚያስተምሩ ይታወቃል። ፊታውራሪ መሸሻ ይሻላሉ። ለልጃቸው የሚመጥን ዘር አጣሁ እያሉ ሰብለ ወንጌልን ሲያስረጇት፣ አበጀ በለው ያስነሳቸው ገበሬዎች እጅ ላይ ሲወድቁ፣ ማንም ሳይሰብክ ሁሉም ነገር ይገባል።

ቀለም ቀንድ

ጉዱ ካሳ ይሰብካል ማለት ልክ ነው፤ ግን «ጉዱ» መባሉን አትርሳ። አካባቢው እንደ ዕብድ ስለሚቆጥረው ነው ያን ሁሉ መናገር የሚችለው። ሌላ ሰው በዚያ ቤት ያንን ቢናገር ጅራፍ ነው።

ብራና

«ኦሮማይ» ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። የመጽሐፉ ታሪክ የሚሄደው አስመራ ላይ፣ ደርግ በ1974 ኤርትራ ውስጥ ባካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ጊዜ ነው፤ በ1975 ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፣ ደራሲውም በ1976 እንደወጣ ቀረ። ይህ ታሪክ መጽሐፉን ይውጠዋል። የማኅበር ውይይት ሁለት ነገር ላይ ይሰጥማል፦ «ይኼ ባለሥልጣን በእውነት ማን ነው?» እና «በዓሉን ማን ወሰደው?»። ለሁለቱ መጨረሻ ላይ ሃያ ደቂቃ መድቡ፤ ከዚያ በፊት ማንም እንዳያነሳቸው።

የቀረው ጊዜ ለጋዜጠኛው ለፀጋዬ ኃይለ ማርያም ይሁን። አዲስ አበባ ላይ ሮማን፣ አስመራ ላይ ፊያሜታ፤ ብዙ አንባቢ የፍቅሩ ክፍል የዘመቻውን ታሪክ ያላላዋል ይላል። እኔ አልስማማም። ዘመቻውን በቃላት የሚያስጌጠው ሰው የራሱን ቃል ለአንዲት ሴት መጠበቅ ሲያቅተው ታዩታላችሁ፤ ፍቅሩ ከወጣ ፀጋዬ ዘጋቢ ብቻ ነው። «ኦሮማይ» የሚለው ቃል አስመሮች ከጣልያንኛ የወሰዱት ነው፤ «ከእንግዲህስ አበቃ» እንደማለት። ቃሉ በመጽሐፉ ውስጥ በየትኛው ቦታ፣ በማን አፍ እንደሚመጣ እየመዘገባችሁ አንብቡ።

«ጦቢያ»ን እኔም ወደ መጨረሻ እገፋዋለሁ። መንትዮቹ ዋሕድና ጦቢያ፣ እስዋም እንደ ወንድ ለብሳ፤ ታሪኩ እንደ ተረት ይፈሳል። የሚያስቸግረው የዐረፍተ ነገሩ ርዝመት ነው። ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ መጀመሪያ ግሱን ፈልጉ፣ ከዚያ ባለቤቱን፣ ከዚያ መሐሉን ሙሉ። «ልብ ወለድ» የሚለው የዘርፉ መጠሪያ ከዚሁ መጽሐፍ የመጀመሪያ ርዕስ፣ ከ«ልብ ወለድ ታሪክ»፣ የመጣ ስለሆነ መዝለሉ ያሳፍራል።

«ኦቶባዮግራፊ» ግን በሌሎቹ መሐል መግባቱን አልወደድኩትም። የግል ታሪክ ስለሆነ አንድ ወር ሙሉ ከሰጣችሁት ውይይቱ ወደ ፖለቲካ ታሪክ ይሄዳል። የልጅነቱን፣ የዓድዋውንና የሩሲያውን ክፍል ብቻ ውሰዱ፤ ከ«ጦቢያ» ጋር በአንድ ወር ይነበባል፤ የአንድ ትውልድ ሁለት አማርኛ ነው።

ወል ቤት

ግጥም ይግባ ያለውን ሰው አትግፉት፤ ግን ለግጥም ሙሉ ወር አትስጡት። በየስብሰባው መክፈቻ አሥር ደቂቃ ይበቃል፤ ከጸጋዬ ገብረ መድኅን «እሳት ወይ አበባ» አንድ አንድ ግጥም።

ችግሩ ሰው ግጥም ሲያነብ ፊደል ይቆጥራል። መቆጠር ያለበት ቀለም ነው፤ ቀለም ማለት በአንድ ጊዜ ከአፍ የሚወጣ የድምፅ ክፍል ነው። ለምሳሌ ይህችን ለመለማመጃ የቀመምኳትን ስንኝ ተመልከቱ፦

ከገበያ መጣ፣ ጨው ሳይገዛ ገባ

የመጀመሪያው ሐረግ ስድስት ፊደል፣ ስድስት ቀለም ነው፦ ከ-ገ-በ-ያ-መጥ-ጣ። ሁለተኛው ስምንት ፊደል ነው፤ ቀለሙ ግን ስድስት፦ ጨው-ሳይ-ገ-ዛ-ገብ-ባ። «ው» እና «ይ» ሳድስ ስለሆኑ ከፊታቸው ባለው ፊደል ላይ ተለጥፈው ይዋጣሉ። ስድስት ስድስት ሲሆን የወል ቤት ነው፤ የለመድነው የዘፈንና የለቅሶ ምት። ጸጋዬ ሐረጉን ወደ ስምንት ስምንት ቀለም አስረዘመው፤ «የጸጋዬ ቤት» የሚባለው እሱ ነው። በወል ቤት ትንፋሽ የሚያነበው ሰው ሐረጉ ሳያልቅ አየር ያልቅበታል፣ ከዚያም «ጸጋዬ ይከብዳል» ይላል። የከበደው ትንፋሹ ነው። እርሳስ ይዛችሁ ከስምንተኛው ቀለም በኋላ ጭረት አድርጉ፤ እዚያ ብቻ ተንፍሱ።

ማኅደር (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እንዲህ አስተካከልኩት፦ ጥቅምት «ዴርቶጋዳ»፣ ኅዳር «ኦሮማይ»፣ ታኅሣሥና ጥር «ፍቅር እስከ መቃብር» በሁለት ተከፍሎ፣ የካቲት «አደፍርስ» በሦስት ክርክር፣ መጋቢት «ጦቢያ» ከ«ኦቶባዮግራፊ» የተመረጡ ክፍሎች ጋር። ቀለም ቀንድ የካቲት ላይ እንደሚያጉረመርም አውቃለሁ።

የቀረኝ ጥያቄ ቅጂ ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው አሥራ አንድ አሥራ አንድ ይዞልን ይመጣል፤ ምን ይመልከት?

ብራና

ሦስት ነገር። አንደኛ፣ መጽሐፍ የሚታሰረው በጥራዝ ነው፤ ብዙውን ጊዜ አሥራ ስድስት ገጽ አንድ ላይ ታጥፎ። አንድ ጥራዝ ከጎደለ ወይም ሁለቴ ከገባ ጉድለቱ አሥራ ስድስት ገጽ ነው። ስለዚህ ገጽ በገጽ መግለጥ አያስፈልግም፤ በየአሥራ ስድስቱ የገጽ ቁጥሩን ይይ። ሁለተኛ፣ ከታተመ መጽሐፍ ላይ ተነሥቶ የተባዛ ቅጂ ቀለሙ ሲያብጥ ቀጫጭን ጭረቶች ይጠፋሉ፤ «ለ» እና «ሉ»፣ «ሰ» እና «ሱ» አንድ ይመስላሉ፤ የሀዲስ ነጥቦችም እንደ ቆሻሻ ይታያሉ ወይም ጨርሰው የሉም። አንድ ገጽ ከፍቶ ትንንሾቹን ጭረቶች ብቻ ይመልከት። ሦስተኛ፣ አሥራ አንዱም አንድ ዓይነት ኅትመት ይሁኑ፤ የገጽ ቁጥር ካልገጠመ «የት ላይ ነን?» በሚል ብቻ ከሁለቱ ሰዓት ሃያ ደቂቃ ይሄዳል።

ቀለም ቀንድ

የተለያየ ኅትመት ከመጣ ደግሞ ቦታውን በገጽ ሳይሆን በምዕራፍና በአንቀጽ ጥቀሱ። የካቲትን በተመለከተ፣ እሺ፤ ግን የጎርፉን ድርሻ ማን እንደሚያነብ ከወዲሁ ወስኑ።