ፒስታ ለሚገባ ሞተረኛ፦ የትኛው አፕ፣ የትኛው መሣሪያ?

«ረጅም መንገድ ልወጣ ነው፤ አብዛኛው ፒስታ ነው። ምን ልጫን?» ሞተረኞች ከተገናኙ ይህ ጥያቄ አይቀርም። መልሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የአፕ ስም ድርድር ሆኖ ያልቃል። እኔ ስም ከመስማቴ በፊት ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ኔትወርክ ሲጠፋ ይሠራል ወይ? አስፋልቱን ከኮረኮንቹ፣ ኮረኮንቹን ከትራክተር ዱካው ይለያል ወይ? ሁለቱን ካላሟላ፣ የቱንም ያህል ቢወደስ፣ ዋና መሪዬ አላደርገውም። በዚህ ሚዛን ለእኔ አንደኛ የሚወጣው ኦስማንድ የሚባለው የካርታ አፕ ነው። ለሁሉም ሰው ይመቻል ማለቴ ግን አይደለም።

በቅድሚያ አንድ ነገር እናጥራ። ስልክ የት እንዳለ ለማወቅ ኔትወርክ አያስፈልገውም፤ ሲም ካርድም ባይኖረው ግድ የለም። ጂፒኤሱ ምልክት የሚቀበለው ከሳተላይት ነው፤ ቢያንስ አራት ካገኘ ቦታችሁን ያሰላል። ኔትወርክ ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋው ካርታው ነው። ሰማያዊዋ ነጥብ ባዶ ስክሪን ላይ ብቻዋን ትቀራለች። ስለዚህ ካርታው ከጉዞው ቀደም ብሎ ስልኩ ውስጥ መግባት አለበት።

ጎግል ማፕስ ሁሉም ስልክ ላይ ስላለ ብዙ ሰው በእሱ ይተማመናል። ከተማ ውስጥ፣ ነዳጅ ማደያና ማደሪያ ፍለጋ ላይ እኔም አልለቀውም። አካባቢ መርጦ ኦፍላይን ማውረድም ይቻላል። ነገር ግን ኦፍላይን ሲሆን የትራፊክ መረጃ የለም፤ አማራጭ መንገድም አያቀርብም። የወረደው ካርታ ካልታደሰም ጊዜው ያልፍበታል። ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን ሌላ ነው። ካርታው ላይ ያለችው ቀጭን መስመር አስፋልት ትሁን ጭቃ አይታይም። የሳተላይት ፎቶው ግን ወርቅ ነው። ቤት ቁጭ ብላችሁ መንገዱ ወንዝ የሚያቋርጥበትን ቦታ አጉልታችሁ ተመልከቱ። ድልድይ ካለ ቀጥ ያለ ጠርዙ፣ አንዳንዴም ውኃው ላይ የጣለው ጥላ ይታያል። ድልድይ ከሌለ ደግሞ የጎማ ዱካ ዳርቻው ላይ ተበታትኖ ታያላችሁ። መኪኖች ጥልቀት የሌለበትን ቦታ ሲፈልጉ የተዉት ነው። ያንን ነጥብ ምልክት አድርጉበት። ፎቶው የተነሳው በበጋ ሊሆን እንደሚችል ግን አትርሱ።

ኦርጋኒክ ማፕስና ኦስማንድ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ሁለቱም ካርታቸውን የሚያገኙት በ2004 ከተጀመረው፣ በጎ ፈቃደኞች ከሚሞሉት ኦፕን ስትሪት ማፕ ነው። ጸባያቸው ግን ለየቅል ነው። ኦርጋኒክ ነፃ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ ቀላል ነው። ከፍታችሁ ወዲያው ትጠቀሙበታላችሁ። ፒስታ፣ ክፍያ ያለበት መንገድ ወይም ጀልባ እንዲያስቀርላችሁ ማዘዝም ይቻላል። ለሞተር ብሎ የለየው የጉዞ ዓይነት ግን የለም፤ እንደ መኪና ነው የሚመራችሁ። ፒስታ ልሽሽ ለሚል ከበቂ በላይ ነው፤ ፒስታ ፈልጎ ለሚወጣ ግን ያንሳል።

ኦስማንድ ደግሞ ምናሌው ያደክማል። የመጀመሪያው ቀን ላይ ትበሳጫላችሁ፣ ከአሁኑ ልንገራችሁ። ያረጀ ስልክ ላይ ረጅም መንገድ አስላ ስትሉትም ሊንቀራፈፍ ይችላል፤ መሃል ላይ አንድ ሁለት ነጥብ ብታስገቡ ይቀለዋል። ነፃው ላይ የምታወርዷቸው ካርታዎች ቁጥርም የተወሰነ ነው። ታዲያ ለምን አንደኛ አልኩት? መንገዱን አስልቶ ሲጨርስ ዝርዝሩን ክፈቱ። ከፍታና ዳገቱ በግራፍ ይመጣል። ከሥሩ ባለቀለም ባር አለ፤ ከመንገዱ ስንቱ አስፋልት፣ ስንቱ ጠጠር፣ ስንቱ አፈር እንደሆነ በኪሎ ሜትር ይነግራችኋል። የሞተር ሁነታ አለው፤ ፒስታ አስቀርልኝም፣ ምረጥልኝም ማለት ይቻላል። ይህን ካየሁ በኋላ ሌላው ሁሉ ጎዶሎ ሆኖብኛል።

እዚያው ባር ላይ «ያልታወቀ» የሚል ክፍል ካያችሁ አስፋልት ነው ብላችሁ እንዳትሞሉት። ማንም ገብቶ አልመዘገበውም ማለት ብቻ ነው። እኔ እንደ መጥፎ ፒስታ ቆጥሬ ሰዓቴንና ነዳጄን በዚያ ልክ እይዛለሁ። የእርሻና የጫካ መንገዶች ደግሞ ካርታው ላይ ከ1 እስከ 5 ደረጃ አላቸው። 1 የጠነከረ ነው፤ 5 ለስላሳ አፈር ነው። ዝናብ ከጣለ 5 ላይ ዕቃ የጫነ ሞተር ይዞ መግባት መከራን መፈለግ ነው።

ኩርቪገርና ካሊሞቶን የሚያወድሱ አሉ። ሁለቱም ጀርመን ውስጥ ለሞተረኛ ተብለው የተሠሩ አፖች ናቸው፤ ጠመዝማዛ መንገድ መርጦ በማውጣት የሚያክላቸው የለም። ጨዋታቸው ግን በአብዛኛው አስፋልት ላይ ነው። ኩርቪገር ላይ ቤት ሆናችሁ በኮምፒውተር አቅዱ፣ የመንገዱን ፋይል (ጂፒኤክስ ይባላል) አውጡና ኦስማንድ ውስጥ አስገቡት። ያኔ ሁለቱንም ተጠቀማችሁ።

ስለ ፋይሉ ካነሳን፣ ብዙ ቡድን የሚበታተነው እዚህ ላይ ነው። ጂፒኤክስ ፋይል «ሩት» ወይም «ትራክ» ሊይዝ ይችላል። ሩት ጥቂት ነጥቦች ናቸው፤ በነጥቦቹ መካከል ያለውን እያንዳንዱ መሣሪያ በራሱ መንገድ ያሰላዋል። አንዱ በግራ ሌላው በቀኝ ቢወስድ አይግረማችሁ። ትራክ ግን የተዘረጋ መስመር ነው፤ በየትኛውም መሣሪያ ያው ነው። ለጓደኛ ስትልኩ ትራክ ላኩ። ስትነዱም መስመሩን ብቻ ተከተሉ፤ ከሳታችሁ ወደ መስመሩ መመለስ ነው።

ስልክ ወይስ ጋርሚን የሚባለው የጂፒኤስ መሣሪያ? በ2020 የወጣው ጋርሚን ዙሞ ኤክስቲ 5.5 ኢንች ስክሪን አለው። ፀሐይ ላይ በደንብ ይነበባል፣ በጓንት ይነካል፣ ዝናብ አያስፈራውም። ዋጋው ግን ያስደነግጣል። በየወሩ ፒስታ የሚወጣ ሰው ይግዛው፤ በዓመት አንዴ ለሚወጣ አይመከርም። ስልክ በበኩሉ ሦስት ጠላት አለው፦ ሙቀት፣ ዝናብና ንዝረት። አፕል ለአይፎን ያስቀመጠው የአካባቢ ሙቀት ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ነው፤ ፀሐይ ላይ መሪው ላይ የተሰካ ስልክ ይህን ለማለፍ ጊዜ አይፈጅበትም፣ ስክሪኑ ይደበዝዛል። ጠብታ ሲያርፍበት ደግሞ በጣት የተነካ መስሎት ካርታውን ወዲያ ወዲህ ያንቀሳቅሰዋል። ንዝረቱን በተመለከተ አፕል ራሱ በ2021 አስጠንቅቋል፤ ትልቅ ሞተር ያለው ሞተርሳይክል መሪ ላይ በቀጥታ መግጠም ካሜራውን ሊጎዳ ይችላል። ንዝረት የሚውጥ ማሰሪያ ይሸጣል፤ ኳድ ሎክ የሚባለው ኩባንያ አለው። የእኔ ምክር ግን ይኸው፦ መሳቢያ ውስጥ የተጣለውን አሮጌ ስልክ ለካርታ መድቡ። ዋናው ስልክ ኪስ ውስጥ ይቆይ። ሞተሩ ቢወድቅም ደውላችሁ የምትጠሩበት ይተርፋችኋል።

ቢላይን ሞቶ የምትባል ክብ ነገርም አለች። በዋናነት ቀስት ነው የምታሳየው፤ መንገዱን የምታገኘው ከስልክ ነው። ቆንጆ ናት፣ ዓይን አትይዝም። መገንጠያ ተደራርቦ ሲመጣ ግን ካርታ ማየት ያምረኛል።

የስልኩን ቻርጀር ከሞተሩ ባትሪ ጋር ስታገናኙ ፊውዝ ይኑርበት። ስክሪኑ በርቶ እየመራ ስለሚውል ደካማ ቻርጀር አይደርስለትም፤ ተሰክቶም የስልኩ ባትሪ ይወርዳል።

ወረቀት ደግሞ ጊዜው አላለፈበትም። የከተሞቹን ስም በቅደም ተከተል፣ በመካከላቸው ያለውን ኪሎ ሜትር ጨምራችሁ ጻፉና ሰልባቲዮው ላይ ለጥፉ። ነዳጅ በሞላችሁ ቁጥር የጉዞ ቆጣሪውን ዜሮ አድርጉ። ሁሉም ስክሪን ቢጠፋ ይቺ ታደርሳለች።

ብቻችሁን ርቃችሁ የምትሄዱ ከሆነ ጋርሚን ኢንሪችን አስቡበት። በኢሪዲየም ሳተላይት መልእክት ይልካል፣ ይቀበላል፤ የአደጋ ጥሪም አለው። ደንበኝነት ይከፈልበታል።

መንገደኛ ስትጠይቁ «ይሄ ወደዚያ ይወስዳል?» አትበሉ። ሰው ላለማሳፈር «አዎ» ይላችኋል። «ወደዚያ የሚወስደው የትኛው ነው?» በሉ። ቀጥሎ «ዛሬ መኪና መጥቶበታል?» ብላችሁ ጠይቁ። በእግሩ የሚሄድ ሰው መንገድ የሚለውና ለእናንተ መንገድ የሚሆነው አንድ ላይሆን ይችላል።

ሁሉን ከጫናችሁ በኋላ ዳታና ዋይፋይ አጥፉና ቤት ሆናችሁ ሞክሩት። መንገድ አስልቱት፣ ትራኩን ክፈቱ፣ የሆነች ትንሽ ከተማ ፈልጉ። አንዱ እንቢ ካለ የጎደለውን ካርታ እዚያው አውርዱ።