የሲጋራ ታክስ ሲጨምር አጫሹ ይቀንሳል ወይስ ዘዴ ይፈልጋል?

አዘጋጁ፦ በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ (በተመረጡ ዕቃዎች ላይ ብቻ የሚጣል ታክስ) አዋጅ ሲጋራ ላይ 30 በመቶ ጣለ። በዚያ ላይ ለእያንዳንዱ ባለ 20 ፍሬ ፓኮ 8 ብር ጨመረበት። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ሲወደድ ይቀንሳሉ ነው። እውነት ይቀንሳሉ? ወይስ የሚገዙበትን መንገድ ብቻ ነው የሚቀይሩት? ተከራከሩበት። ስድብ ግን ይቅር።

ባለ ኪዮስኩ፦ እኔ ሲጋራ ሸጬ የማድር ሰው ነኝ። እኛ ሰፈር በፓኮ የሚገዛ በጣት ይቆጠራል፤ ሁሉም በፍሬ ነው። 8 ብሯ ለ20 ፍሬ ስትካፈል 40 ሳንቲም ናት። 40 ሳንቲም ማን ይዞ ይመጣል? ስለዚህ ፍሬዋ ላይ አንድ ብር ትጨመራለች። ደንበኛው "አንተ ደግሞ አበዛኸው!" ይላል፣ ክብሪት ይቀበለኛል፣ ለኩሶ ይሄዳል። ያቆመ አላየሁም።

ነርሷ፦ ወንድሜ፣ ሒሳቡን ጨርሰው እንጂ። ፍሬዋ ላይ አንድ ብር ማለት በፓኮ 20 ብር ነው። 8ቷን መንግሥት ወሰደ እንበል። 12ቷስ?

ባለ ኪዮስኩ፦ 30 በመቶውን ረሳሽው? ጅምላ አከፋፋዩስ ዝም ብሎ ያመጣልኛል? ለኔ የምትተርፈው እፍኝ አትሞላም።

ነርሷ፦ እሺ ይሁን። ግን የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ እንደኛ ባሉ አገሮች ዋጋው 10 በመቶ ሲጨምር ፍጆታው ወደ 5 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ቶሎ የሚደነግጡት ደግሞ ያንተ የዱሮ ደንበኞች አይደሉም፤ ኪሳቸው ሳሳ ያለ ወጣቶች ናቸው። በውድነቱ ምክንያት ሳይጀምር የቀረ ልጅ ሱቅህ አይመጣም። ስለዚህ አታየውም።

ባለ ኪዮስኩ፦ የማላየውን እንዴት ልቁጠረው?

ነርሷ፦ እኛ የሚያስለውን እንቆጥርልሃለን።

የሁለት ልጆች እናት፦ እኔ ከቤት ልናገር። ባለቤቴ ሲጋራ ሲወደድ የቀነሰው ከአስቤዛው ነው። ዱሮ ሙሉ ፓኮ ይዞ ይገባ ነበር። አሁን ሁለት ሁለት ፍሬ ይገዛል፤ አንዷን ግማሽ ላይ አጥፍቶ ጆሮው ላይ ሰክቷት ይመጣል። ቆጠብኩ ብሎ ያስባል። ግን በቀን አራት ጊዜ ኪዮስክ እየተመላለሰ ስንት እንዳወጣ ራሱም አያውቅም። በፓኮ ሲገዛ ቢያንስ ባዶ ካርቶኑን አይቶ ይደነግጥ ነበር።

ታክሲ ነጂው፣ ከዋሺንግተን፦ እዚህም ያው ነው። በፈረንጅ 2018 ዲሲ በፓኮ ላይ 2 ዶላር በአንዴ ጨመረችበት። ጎረቤታችን ቨርጂኒያ ግን ያኔ የስቴቱ ታክስ 30 ሳንቲም ብቻ ነበር። ድልድዩን ከተሻገርክ አለቀ። እኛ ሾፌሮች ሰው አድርሰን ስንመለስ እግረ መንገዳችንን እንገዛ ነበር። መኪና የሌለው ግን ዲሲ ውስጥ ሙሉውን ይከፍላል። ደሃው ላይ ነው የሚበረታው።

ነርሷ፦ ጋሼ፣ ከፍሎ የማይዘልቅ ያቆማል ማለትም ነው እኮ።

አዘጋጁ፦ እኔ አንድ ነገር ልጨምር። 30 በመቶው ከፋብሪካው ዋጋ ጋር አብሮ ያድጋል። ቁርጥ ያለችው 8 ብር ግን ካልተስተካከለች የኑሮ ውድነት ይበላታል። ደግሞ ዳቦም ጨምሯል፣ ታክሲም ጨምሯል፣ ማኪያቶማ አይወራም። ሁሉ ነገር ሲወደድ አጫሹ የሲጋራውን ጭማሪ ለብቻው አያየውም። ታክስ እንዲሠራ ከተፈለገ ሲጋራው ከሌላው ዕቃ ፈጥኖ መወደድ አለበት። በዚህ ከነርሷ ጋር ነኝ።

ባለ ኪዮስኩ፦ እሱ እውነት ነው። አንድ ብር አንድ ብር ስትጨምር ማንም አይነቃም። አንዴ ግን አከፋፋዩ ድንገት ቆልሎብኝ ፍሬዋ ላይ አምስት ብር ጨመርኩ። ሁለት ይወስድ የነበረው አንድ ወሰደ። አንዳንዱ ማስቲካ ገዝቶ ሄደ።

ነርሷ፦ ታዲያ ቀነሱ ማለት አይደል? ምን ያከራክረናል?

ባለ ኪዮስኩ፦ ቀነሱ፣ ለሳምንት ያህል። ከዚያ ማዶ ያለው ጀብሎ በድንበር የገባ የኮንትሮባንድ ሲጋራ ይዞ መጣ። ታክስ የሚባል ነገር አያውቀው፣ ከኔው በሦስት ብር ይረክሳል። ደንበኞቼ እሱ ጋ ናቸው።