አጋዘኗ የነቃችብኝ በጠረን ነው በእንቅስቃሴ?

የቨርጂኒያው፦
ሰላም አዳኞች። ጆርጅ ዋሽንግተን ደን ውስጥ ተዳፋት ላይ ተቀምጬ ነበር። ረፋድ ላይ ነው፣ ፀሐዩ ሞቅ ብሏል። አንዲት አጋዘን ከበላዬ፣ በጋራው በኩል ብቅ አለች። ጓንቴን ላወልቅ እጄን ሳነሳ ቆመች። በፊት እግሯ መሬቱን መታ መታ አደረገች። አፍንጫዋን ቀና አድርጋ ትንሽ ቆየችና «ፉፍ!» ብላ ነጭ ጅራቷን ሰቅላ እብስ! ልብሴን ሽታ በሌለው ሳሙና ነው ያጠብኩት። ያ ብርቱካናማ ሰደርያ ይሆን ያሳጣኝ?

የደጋው ሰው፦
ነፋሱ ነው ወንድሜ። ፀሐይ ተዳፋቱን ስታሞቀው አየሩ ሽቅብ ይወጣል፤ ጠረንህን ይዞ ጋራው ላይ ያደርሰዋል። ማታ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ቁልቁል ወደ ሸለቆው ይወርዳል። ስለዚህ ረፋድ ላይ ከላይ፣ ማታ ከታች ነው መቀመጥ። ንጋት ላይ ፀሐይ ሳትወጣ ግን አየሩ ገና ቁልቁል ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ኃይለኛ ነፋስ ከመጣ ደግሞ ይሄ ሁሉ ይቀራል።

ሳሙና ጠረን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። ትተነፍሳለህ፣ ያልብሃል። እኔ ከኪሴ የሕፃን ፓውደር አይጠፋም፤ ትንሽ በተን አድርጌ ወዴት እንደሚሄድ አያለሁ። የስልኩ ትንበያ የሸለቆውን አየር ከየት ያውቀዋል? ጃኬትህንም ሳሎን አትስቀለው። ዕጣንና ቁሌት የጠጣ ልብስ በምን ሳሙና ይለቃል!

ቀስተኛዋ፦
ጋሼ ልክ ናቸው፣ ግን እጅህንም አይታለች። መሬት የምትመታው የሆነ ነገር አይታ ምንነቱ ሳይገባት ሲቀር ነው። ከዚያ ነፋሱን ትፈልጋለች፤ አንዳንዴ ዞራ ነፋሱ ጠረንህን በሚወስድበት በኩል ትመጣለች። ያየችውን ልትጠራጠር ትችላለች። የሸተታትን ግን አትጠራጠርም።

ሰደርያውን ተወው። ብርቱካናማው ለዓይኗ ደብዛዛ ነው፤ ሌላ አዳኝ እንዳይመታህ ነው የምትለብሰው። በደንብ የምታየው ሰማያዊ ነው፣ ጂንስ ይብሳል። በሚያነጣ ሳሙና የታጠበ ልብስም እንዲሁ ጎልቶ ይታያታል።

ዓይኖቿ በጎንና በጎን ስለሆኑ የማይታያት ከኋላዋ ያለው ትንሽ ቦታ ብቻ ነው። ጭንቅላቷ ከግንድ ጀርባ ሲገባ ተንቀሳቀስ። ስታጎነብስ አትመናት። የምትግጥ መስላ ድንገት ቀና ትላለች፣ ተንኮለኛ!

የቨርጂኒያው፦
ኑሩልኝ። ቅዳሜ ከጋራው አናት እሞክራለሁ። ጾመ ነቢያት ህዳር 15 ስለሚገባ ከቀናኝም ሥጋው እስከ ገና ፍሪዘር ውስጥ ነው፣ ምን ይደረግ።

የደጋው ሰው፦
አናቱ ላይ እንዳትቀመጥ! ከሰማዩ ጋር ቅርጽህ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ዝቅ በልና ጀርባህን ለሰፊ ግንድ ስጥ።