ሦስት ልጆች ይዞ ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ፓርኮች፦ ሁለት ቀን ይበቃል?

ጠያቂ (እናት፣ ጅማ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሰባት ዓመት፣ አራት ዓመት እና ዓመት ከመንፈቅ የሆናቸው ሦስት ልጆች አሉን። በጥር መጨረሻ ትምህርት ቤት ሲዘጋ አዲስ አበባ ወስደን አንድነት ፓርክን፣ ወዳጅነት ፓርክንና እንጦጦ ፓርክን ልናሳያቸው አስበናል። ትልቋ አንበሳ ለማየት፣ ወንዱ ደግሞ በቴሌቪዥን ያየው የሚሽከረከር ማሽን ላይ ለመቀመጥ ከወዲሁ ቀን ይቆጥራሉ። የምናርፈው ጦር ኃይሎች አካባቢ እህቴ ቤት ነው። ያለን አራት ቀን ሲሆን ሁለቱ በመንገድ ያልቃሉ። ባለቤቴ ሦስቱንም በቀሪው ሁለት ቀን እናዳርሳለን ይላል፤ እኔ ግን ልጆቹ እንዳይጎዱብኝ እሰጋለሁ። ልጅ ይዛችሁ የሄዳችሁ ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ 1 (እናት፣ ቦሳ ቂቶ)

እህቴ፣ ስጋትዎ ትክክል ነው። እኛ ዓምና አንድነት ፓርክንና እንጦጦን በአንድ ቀን ለማየት ሞክረን፣ እንጦጦ ስንደርስ ትንሹ በአባቱ ትከሻ ላይ እንቅልፍ ወስዶት ነበር፤ ትልቁም ፈረስ እያየ «ቤት እንሂድ» ብሎ አለቀሰ። ያን ያህል መንገድ ሄደን፣ ያን ያህል ገንዘብ አውጥተን የልጄን ለቅሶ ይዤ መመለሴ እስካሁን ይቆጨኛል። ስለዚህ በቀን አንድ ቦታ ብቻ ይያዙ።

በ2012 ዓ.ም. ለጎብኚ የተከፈተው አንድነት ፓርክ በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ያለ በመሆኑ መግቢያው ላይ ፍተሻ አለ፤ ዕቃ ባነሰ ቁጥር ቶሎ ያልፋሉ። የአፄ ምኒልክን የግብር አዳራሽና የዙፋኑን ቤት አዋቂ ረጋ ብሎ ሊያያቸው ይወዳል፤ የአራት ዓመት ልጅ ግን ከአንድ አዳራሽ በኋላ ይሰለቻል። ልጆቹ ጉልበት እያላቸው፣ ጠዋት በሩ እንደተከፈተ ጥቁር ጎፈር ወዳላቸው አንበሶች ይውሰዷቸው፤ አዳራሾቹን እርስዎና ባለቤትዎ እየተፈራረቁ ያያሉ። ለሕፃኑ ከጋሪ ይልቅ አንቀልባ ይሻላል፤ በጀርባዎ ላይ እንቅልፉን ይተኛል።

ለወንዱ ልጅ ግን አንድነት ፓርክ ማሽን የሚጋለብበት ቦታ አለመሆኑን ከቤት ሳትወጡ ይንገሩት። እሱን የሚያስደስተው ወዳጅነት ፓርክ ነው፤ ሁለተኛው ምዕራፍ የልጆች መጫወቻ አለው። ለአንድነት ፓርክም ቅርብ ስለሆነ የእንጦጦን ያህል መንገድ አያስመርርም።

መልስ 2 (በዚህ መንገድ የሚመላለስ አባት)

ፓርኩን ከማቀድ በፊት መንገዱን ማቀድ ይገባል። ከጅማ አዲስ አበባ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ልጆችን የሚፈትነው ከአበልቲ ቁልቁል ወደ ጊቤ የሚወርደውና ከወንዙ ወዲያ ወደ ወልቂጤ የሚወጣው ጠመዝማዛ ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ከተነሳችሁ በረሃውን ሙቀቱ ሳይበረታ ታልፋላችሁ። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ወተትና ቅባት የበዛበት ምግብ አትስጧቸው፤ ዳቦና ውኃ ይበቃል። ፌስታልና አንድ አንድ ቅያሪ ልብስ እጃችሁ ላይ ይሁን፤ ሻንጣ ውስጥ የገባ ልብስ ልጅ ባስታወከ ሰዓት አይገኝም። ወሊሶ ላይ አውርዳችሁ ጥቂት እንዲሮጡ አድርጉ። የማስመለስ መከላከያ መድኃኒት ከፈለጋችሁ፣ በተለይ ለሕፃኑ፣ ሐኪም ሳታማክሩ አትስጡ።

እንጦጦን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር ትንሽ ከፍ ትላለች፤ እንጦጦ ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። የጥር ጠዋት ብርዱ ያንቀጠቅጣል፤ ረፋዱ ላይ ደግሞ ፀሐዩ ፊት ያቃጥላል። ከጅማ የለመዳችሁት ስስ ሹራብ አይበቃም፤ ባርኔጣም ያስፈልጋል። በደረሳችሁ ማግስት እዚያ መውጣትን አልመክርም።

መልስ 3 (የአፀደ ሕፃናት መምህርት፣ ጊንጆ)

ከላይ የተባለው ሁሉ ያስማማኛል። የእኔ ምክር ከጉዞው በፊት ባሉት ሳምንታት ስለሚሠራ ሥራ ነው። አንድ ቅዳሜ ልጆቹን እዚሁ ጅማ አጠገብ ወዳለው የቦዬ ረግረግ ወስዳችሁ ወፎቹን እያሳያችሁ ምን ያህል ሰዓት እንደሚራመዱ፣ መቼ እንደሚርባቸውና ሕፃኑ መቼ እንደሚነጫነጭ ልብ በሉ፤ የአዲስ አበባውን ቀን በዚያ ልክ ስፉት። የወንዱን ልጅ ቁመት ለኩ፤ አንዳንድ መጫወቻ የቁመት ገደብ አለው፤ ወረፋ ጠብቆ መመለስ ለትንሽ ልጅ ከባድ ኀዘን ነው። ስንት ጊዜ እንደሚጫወት ቤት ውስጥ ተስማሙ፤ እዚያ ደርሶ መከራከር ልጁንም ወላጁንም ያደክማል።

ከሁሉ በላይ የሁለቱንም ልጆች ኪስ ውስጥ ስልክ ቁጥራችሁን የያዘ ወረቀት አስቀምጡ፤ ልብሳቸው ከሩቅ የሚለይ ቀለም ይሁን። ልጆቹ ቢጠፉ ባሉበት ቆመው ለጥበቃ እንዲናገሩ አለማምዷቸው። ትልቋ የእናትና የአባቷን ሙሉ ስም እንድትናገር አድርጉ፤ «እማዬ» ብቻ ብላ ማንም ሊያገኛችሁ አይችልም።

ጠያቂ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለባለቤቴ አነበብኩለትና እንጦጦን ለሌላ ጊዜ ለማቆየት ተስማማን። የመጀመሪያው ቀን አንድነት ፓርክ ነው፤ ምሳ በልተን ልጆቹ እህቴ ቤት ይተኛሉ። ሁለተኛው ቀን ሙሉ በሙሉ የወንዱ ልጄ ነው፤ ወዳጅነት ፓርክ እንውላለን። ቦዬም በሚመጣው ቅዳሜ እንሄዳለን፤ አንቀልባውን ከእናቴ ዛሬ ተቀብያለሁ።