የአርኤክስ 8 ሮታሪ ሞተር ዘይት ይቀንሳል፦ የዘይት መመጠኛ ፓምፑን ማዘጋት ይገባኛልን?

ነዋሪ ዘሱሉልታ (ጠያቂ)
ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሱሉልታ ሲሆን በየዕለቱ በእንጦጦ በኩል ወደ አዲስ አበባ ለሥራ እወርዳለሁ። የምነዳው እ.ኤ.አ. በ2004 የተሠራ ማዝዳ አርኤክስ 8 ነው። ሞተሩ በደንብ ይነሣል፣ አይጨስም፣ ከሥሩም የሚንጠባጠብ ነገር የለም፤ ሆኖም ቤንዚን ለመሙላት በቆምኩ ቁጥር የዘይት መለኪያውን ሳወጣ ዘይቱን ወርዶ አገኘዋለሁ። ያሳየሁት መካኒክ «ፋሻው (የፒስተኑ ማተሚያ ቀለበት) አልቋል፤ ዘይት የሚረጨውን ትንሿን ፓምፕ እንዝጋና ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር ትቀላቅላለህ» ብሎኛል። ይህን ሞተር የምታውቁ ሰዎች ከመወሰኔ በፊት ብታማክሩኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

የቃሊቲ መካኒክ
ወንድሜ፣ እባክዎ ፓምፑን አያዘጉት። በዚህ ሞተር ውስጥ የሚመላለስ ፒስተን ስለሌለ እኛ የምናውቀው የፒስተን ፋሻም የለም። ያለው ባለ ሦስት ማዕዘን ሮተር ነው፤ በየማዕዘኑ ጫፍ የተቀመጠው ቀጭን ማተሚያ የሞተሩን የውስጥ ግድግዳ ሳይለቅ እየታከከ ይዞራል። በተለመደው ሞተር የሲሊንደሩን ግድግዳ ከታች የሚረጨው ዘይት ያለሰልሰዋል፤ የሮታሪው ግድግዳ ግን ከዘይት ቋቱ ጋር የሚገናኝበት መንገድ ስለሌለው ዘይቱን በሌላ መላ ማድረስ የግድ ሆነ። የመመጠኛው ፓምፕ ከሞተሩ ዘይት ጥቂት ጥቂት እየቀነሰ በቀጫጭን ቱቦዎች ወደ ግድግዳው ያደርሳል፤ ዘይቱም ማተሚያዎቹን ካረሰ በኋላ ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ይቃጠላል። መጠኑን የሚወስነው ኮምፒውተሩ ሲሆን፣ የሞተሩ ዙርና ጭነት ሲጨምር ዘይቱም ይጨምራል። እንግዲህ ማዝዳ እንዲቃጠል ብሎ የሠራው ዘይት ነው የሚቀንሰው፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ዘይቱ ጨርሶ የማይቀንስ አርኤክስ 8 ነው።

ስለ መንገድዎም ልጨምር። ከእንጦጦ ቁልቁል በማርሽ ይዘው እግርዎን ከነዳጅ መስጫው ላይ ሲያነሡ ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን ያቋርጣል። ዘይቱ በቤንዚኑ ብቻ የሚመጣ ከሆነ፣ ያን ሁሉ ቁልቁለት ማተሚያዎቹ ያለ አዲስ ዘይት ይወርዳሉ ማለት ነው። ፓምፑ ግን የሚንቀሳቀሰው በሞተሩ በራሱ ኃይል በመሆኑ ሞተሩ እስከዞረ ድረስ ዘይት መስጠቱን አያቆምም።

ገላን 13ቢ
በፓምፑ ጉዳይ እስማማለሁ፤ ዘይት መቀላቀሉን ግን እንደ ስህተት ባንቆጥረው እመርጣለሁ። በእርስዎ ሞዴል እያንዳንዱ ሮተር ሁለት የዘይት መርጫዎች ብቻ አሉት። እ.ኤ.አ. በ2009 በተሻሻለው ሞዴል ማዝዳ ሦስተኛ መርጫ መጨመሩ የቀድሞው አቅርቦት በቂ እንዳልነበረ ያሳየኛል። ስለዚህ ፓምፑ እየሠራ፣ በአንድ ሊትር ቤንዚን ከ4 እስከ 8 ሚሊ ሊትር ጥራት ያለው የባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይት መጨመር ብዙ ባለቤቶች የሚከተሉት ልማድ ነው። ሌላው ጥንቃቄ፣ በሱሉልታ ብርድ መኪናውን አስነሥተው ለጥቂት ሜትር ብቻ አንቀሳቅሰው ወዲያው አያጥፉት፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን ግድግዳው ላይ ያለውን ዘይት ያጥበዋልና።

ነዋሪ ዘሱሉልታ (ጠያቂ)
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መካኒኩ ግን በተለመደው የኮምፕረሽን (በሞተሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት) መለኪያ ለክቶ ግፊቱ ዝቅተኛ ነው ብሎኛል። ይህንስ እንዴት ልየው?

የቃሊቲ መካኒክ
በዚያ ልኬት ብቻ ሞተሩን መፍረድ አይቻልም። አንደኛ፣ ፋብሪካው ያስቀመጠው ዝቅተኛ ልክ በደቂቃ 250 ዙር ላይ 680 ኪሎ ፓስካል ሲሆን፣ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ጤነኛ ሞተርም እዚህ በዚያው መጠን ዝቅ ብሎ ይነበባል፣ ሱሉልታ ላይ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ሁለተኛ፣ ተራው መለኪያ የሚይዘው ከሦስቱ የሮተር ገጾች የበለጠውን ግፊት ብቻ ነው። የሮታሪ መለኪያ ካልተገኘ ግፊቱን ይዞ የሚያቆየውን የመለኪያውን ቫልቭ አውጥተው፣ ሞተሩ ሲዞር መርፌው ሦስቱን ምቶች በእኩል መጠን መምታቱን ይመልከቱ። ሦስቱ ከተቀራረቡ ሞተሩን አያስፈቱ። ከሦስቱ ሁለቱ ጎልተው ካነሱ ግን አንድ የማዕዘን ማተሚያ ሁለት ክፍሎችን ስለሚለይ ጥፋቱን እዚያ ይፈልጉ፤ አንዱ ብቻ ካነሰ ደግሞ በሮተሩ ጎን ላይ ያለው የጎን ማተሚያ ይጠረጠራል።